ራስን ማዋረድ ቀላል ነው

ፌስቡክ ላይ «እኔ ምናምንቴው»፣ «ኃጥኡ ወንድማችሁ» እያለ የሚጽፍ ሰው አንድ ቃል ስታርሙት እንዴት እንደሚቆጣ አይታችሁ ይሆናል። ራሱን ራሱ ሲያዋርድ ደስ ይለዋል። ሌላው ዝቅ ሲያደርገው ግን ያ ሁሉ ምናምንቴነት ይጠፋል።

ይህን ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶች ይሄዳል። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ጋይንት ውስጥ ናት፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም የዚያው አገር ደብር ነው። እዚህ ለመማር የመጣ ልጅ ከዜማው ጋር ልመናም ይማራል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ለውሻው ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። አባቱ በሬና ላም የሞላው ባለጸጋ ቢሆንም ያው ነው፤ ከቀዬው ርቆ ስለመጣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅለት የለም። አንዷ እናት ቁራሽ ትሰጠዋለች፣ ሌላዋ «እግዜር ይስጥህ» ብላ ትሸኘዋለች። ማመስገን፣ ወደሚቀጥለው ደጅ ማለፍ፣ ማታ ያገኘውን ከጓደኞቹ ጋር መካፈል። ስለ ትሕትናው የሚናገርበት ጊዜ የለውም፤ ዝቅ የሚያደርገው የሰው ፊት ነው።

መስጠት እኮ አያዋርድም። የሰጪ እጅ ምንጊዜም ከላይ ነው። ክርስቲያን ነኝ የምንል ብዙዎቻችን ሰጥተን እንጂ ለምነን ስለማናውቅ ይመስለኛል ትሕትናን የአነጋገር ጉዳይ ያደረግነው።

ልጁ ይራብ፣ ውሻ ይንከሰው ማለቴ አይደለም። ልመናው ሁሉን ትሑት ያደርጋል ብልም የሚያምነኝ የለም፤ ከእነዚሁ ጉባኤ ቤቶች ምላሰ ስለታም ሊቃውንት ወጥተዋል። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ማንን ማሩ? ግን እሳቸው የጣና ደንገል ሲወዛወዝ አይተው ፈለሰፉት የሚባለው አቋቋም፣ የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም ቢሉ፣ በልጃቸው በተክሌ በኩል ደብረ ታቦር ገባ ይባላል። ዛሬ ካህናቱ የሚያሸበሽቡት «ተክሌ» እያሉ ነው። የአባትየው ስም የለበትም።

ደብረ ታቦር ከተማ ስሟን የወሰደችበት ተራራም የሚነግረን አለው። ነሐሴ 13 በቡሄ የምናከብረውን ብርሃን ያዩት ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ብቻ ናቸው። ሲወርዱም ጌታ እስኪነሣ ድረስ ለማንም እንዳይናገሩ ታዘዙ። እስቲ አስቡት፤ ዘጠኙ ጓደኞቻቸው ከታች እየጠበቋቸው ያን ይዞ ዝም ማለት! እኛ ለነዳያን እንጀራ ስናድል ከሌማቱ ካሜራው ይቀድማል።

አንድ ነገር ደግሞ ያናድደኛል። «ትሕትና ይኑርህ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ አለቃ ለበታቹ፣ ሀብታም ለሠራተኛው። በጸሎተ ሐሙስ ግን ጎንበስ ብለው የምእመኑን እግር የሚያጥቡት ጳጳሱና ካህናቱ ናቸው። የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀን ወጣት «ትሕትና የለህም» ብሎ ማስቀመጥ ከዚህ ሥርዓት ጋር እንዴት እንደሚስማማ የሚያስረዳኝ አባት ካለ፣ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።