ለታላቁ አምባዛ የሚገባ ዋሻ

የመስተዋት የዓሣ ገንዳ የተፈጠረው ለማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 የሎንዶን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ሲከፍት፣ በዓመቱም እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን ቃል የመጽሐፉ ርእስ አድርጎ ሲያስፋፋው፣ የሁለቱም ዓላማ ከውኃ በታች ያለውን ሕይወት በሰው ዓይን ፊት ማቆም ነበር። ታዲያ ለዕይታ በተሠራው በዚህ ቤት ውስጥ መታየትን አጥብቆ የሚጠላ ፍጡር ሲገባበት ምን ይሆናል? ትልልቅ አምባዛዎችን በገንዳ የማኖር ጉዳይ የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ቤት የሚሠራው ለነዋሪው ነው ወይስ ለተመልካቹ የሚለውን የቆየ የኪነ ሕንፃ ክርክር በጥቂት ሊትር ውኃ ውስጥ ጨምቆ ይዟል።

የአምባዛ ወገን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በጣና፣ በዝዋይና በሐዋሳ የሚሠገረው ጢማሙና ቅርፊት አልባው ዓሣ ዋናው ነው። በአባያ፣ በጫሞና በባሮ ደግሞ ሲኖዶንቲስ የሚባለው ዘመዱ ይኖራል፤ ይህኛው ሲያዝ የደረት ክንፉን እሾህ ከመጋጠሚያው ጋር እያፋተገ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ያሰማል። በዓለም የዓሣ ገበያ በብዛት የሚሸጠው ትልቅ አምባዛ ግን የደቡብ አሜሪካው ጥሩር ለባሽ ፕሌኮ ነው። የፕሌኮ ቤተሰብ ከ900 በላይ ዝርያዎች አሉት። ሲገዛ 5 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር የነበረው ልጅ፣ ከትልልቆቹ ዝርያዎች ከሆነ፣ ውሎ አድሮ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ በግዢው ቀን ተስማሚ የነበረው መሸሸጊያ ያን ጊዜ ራሱን እንኳ አያስገባም።

ዓሣው መሸሸጉ የባሕርይ ጉድለት ሳይሆን የኑሮው ሥርዓት ነው። ቀን ቀን በወደቀ ግንድ ሥር፣ በአለት ስንጥቅ ወይም በወንዝ ዳር ሸክላ አፈር ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ያሳልፋል፤ ሲመሽ ለምግብ ይወጣል። የዓይኑ ብሌን እንኳ ብርሃን ሲበረታ የሚሸፍነው ጥላ አለው። በብዙዎቹ ዝርያዎች ጉድጓዱ የልጅ ማሳደጊያም ነው። እንስቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ ወንዱ በሩን በገላው ዘግቶ፣ በክንፉ ውኃ እያራገበ ይጠብቃል። ይህ የመቆፈር ኃይል ቀላል እንዳልሆነ ያወቁት ፕሌኮ ያለ አገሩ የገባባቸው ፍሎሪዳና ሜክሲኮ ናቸው፤ በዚያ ጉድጓዶቹ የወንዝና የሐይቅ ዳርቻ እንዲናድ ምክንያት ሆነዋል።

ቅራኔው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ገንዘቡን የከፈለው ለማየት ነው፤ ዓሣው የሚኖረው ባለመታየት ነው። ገበያው ይህን ቅራኔ በማስመሰል ሊያልፈው ይሞክራል። በአራቱም ጎን መስኮት ያለው ባለቀለም ግንብና ክዳኑ የሚከፈትና የሚዘጋ የወርቅ ሣጥን የዚሁ ማስመሰል ውጤቶች ናቸው፤ ዋሻ ተብለው ይሸጣሉ እንጂ አንዱንም ዓሣ አይሸሽጉም። የተሠሩት ለሰው ዓይን ነው፤ ያውም ለቸኮለ ዓይን። መጠጊያ ያጣው አምባዛ ከማሞቂያው ጀርባ ተወሽቆ ገላው ይቃጠላል፣ ምግብ ይቀንሳል፣ ቀለሙ ይገረጣል። የሚገርመው ግን በቂ ዋሻ ያገኘው ዓሣ ይበልጥ መታየቱ ነው፤ የሚመለስበት ሥፍራ ቅርብ መሆኑን ስለሚያውቅ ጢሙን ከበሩ አውጥቶ በቀን ብርሃንም ይቀመጣል።

ተስማሚው ዋሻ ምን ዓይነት ነው ቢባል መለኪያው የዓሣው ገላ ነው። ርዝመቱ ከአፍንጫ እስከ ጅራት የሚያስገባ፣ ስፋቱ የደረት ክንፎቹ ሲዘረጉ ከሚይዙት ጥቂት የሚበልጥ፣ ውስጡ ጨለማ ይሁን። ጀርባውና ሆዱ ግድግዳ ሲነኩ ይረጋጋል እንጂ አይጨነቅም። ለመራባት የሚፈለገው ዋሻ አንድ በኩል ይደፈናል፤ ለማረፍ ብቻ ለሚጠቀምበት ትልቅ ዓሣ ግን ሁለቱም ጫፍ ክፍት ቢሆን ይሻላል። ምክንያቱም አምባዛ ሲደነግጥ እሾሁን ዘርግቶ ይቆልፋል፤ በጠበበ ቱቦ ውስጥ ከተቆለፈ ወደ ኋላ መጎተት ገላውን መቦጨቅ ነው። ያን ጊዜ የሚቆረጠው ቱቦው ነው። ቀላሉ መፍትሔ ሰፊ የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ሲሆን የተቆረጠው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት መለስለስ አለበት። ድንጋይ ከሆነ በአሸዋው ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በገንዳው ወለል ላይ ተደላድሎ በሲሊኮን ይያያዝ፤ ትልቅ አምባዛ ሥሩን ምሶ በራሱም በመስተዋቱም ላይ ሊጥለው ይችላል። ኮምጣጤ ሲንጠባጠብበት የሚፈላ ድንጋይ የኖራ ጠባይ ስላለው የውኃውን ጠባይ ይለውጣል። የዋሻዎቹ ቁጥር ከዓሦቹ ቁጥር ቢያንስ በአንድ ይብለጥ፤ አለዚያ ጠቡ በየሌሊቱ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ቁስ ያልተቀባ፣ በሚገባ የተቃጠለ ሸክላ ነው። ሻካራነቱ ለመያዝ ይመቻል፤ መልኩም የወንዙን ዳር ይመስላል። በኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪው ለዘመናት በንቀት ዓይን ይታይ እንደነበር ይታወቃል፤ እዚህ ላይ ግን የፋብሪካው ባለቀለም ግንብ ያልቻለውን የሚችለው በእጅ የተጠፈጠፈ ሸክላ ነው። ሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል፦ በዝቅተኛ እሳት የተቃጠለው በውኃ ብዛት ሊፈረፈር ይችላል፤ ለወጥ ያገለገለ ድስትም በውስጡ ስብ ስለሚቀር አይሆንም።

ዋሻ የማይመልሰውም ጉዳይ አለ። ቀይ ጅራቱ የአማዞን አምባዛ በጣት ልክ እያለ በየሱቁ ይሸጣል፤ ሲያድግ ግን ከ1 ሜትር ይበልጣል። ለእርሱ የሚበቃ ቱቦ ቢገኝ እንኳ ቱቦውን የሚይዝ የቤት ገንዳ አይገኝም። ለዚህ ዓሣ ተስማሚው መሸሸጊያ ወንዙ ስለሆነ፣ ከሱቅ ሳይገዙ መተው ይሻላል።