ሳሙና የሚበላው ውሃ

ስድስት ኪሎ በገባሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሸሚዜን ላጥብ ከቧንቧ ሥር ባልዲ አስቀመጥሁ። እንደ አገሬ ልማድ ሳሙናውን አጥብቄ ያዝሁና ፈተግሁት፤ ደግሜም ፈተግሁት። አረፋው ከባልዲው ገንፍሎ መሬት ወረደ። አብሮኝ የሚያድረው ልጅ ሳቀና፣ «አንተ፣ ሳሙናውን ልትጨርሰው ነው እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እናቴ ትዝ አለችኝ።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ የገንደ ቆሬ። የድሬን ሙቀት አገር ሁሉ ያወራዋል፤ ውሃዋን የሚያውቃት ግን የኖረባት ነው። ማንቆርቆሪያ በተገዛ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሆዱ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ሲመታ ጠጠር እየሆነ ይረግፋል። ሻይ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል። ሽምብራ ሌሊቱን ተነክሮ ቢያድር እንኳ አልበስልም ብሎ ከእሳት ጋር ይሟገታል። ብርጭቆ ታጥቦ ሲደርቅ ያልታጠበ ይመስላል። እንግዳ መጥቶ «ውሃችሁ ምን ነክቶታል?» ሲል፣ እኛ «ለምደነዋል» እንላለን። እውነትም ለምደነዋል።

እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። ሳሙና በቤታችን እንደ ዳቦ ይቆጠር ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የደንብ ልብሴ ሸሚዝ ንጣቱ ወደ አመድ ዞረ፤ ሲደርቅም እንደ ካርቶን ይቆም ጀመር። አንድ ቀን ልጆች ሳቁብኝና ቤት እንደገባሁ፣ «የሰውን ልብስ በረዶ ታስመስያለሽ፤ ለኔ ሲሆን ግን ሳሙና ትሰስቻለሽ!» ብዬ ጮኽሁባት። ምንም አልመለሰችልኝም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ሳፋዋ ተመለሰች።

ያ ዝምታ ነው ስድስት ኪሎ ድረስ የተከተለኝ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለሆንሁ ኬሚስትሪ ከሚያጠና ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ መሬት ሲሰርግ ትንሽ አሲድነት ያበጃል። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ድንጋዩን እያሟሟ ይሸከመዋል። የድሬ ውሃ ደግሞ ከሳቢያን ጉድጓዶችና ከመሰሎቻቸው፣ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው። ውሃው ሲፈላ ጋዙ ይበናል፤ ድንጋዩም ተመልሶ ድንጋይ ሆኖ ማንቆርቆሪያው ላይ ይለጠፋል። ሎሚ ወይም አቼቶ ሲነካው የሚለቅቀውም ለዚሁ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የተተከለው ያው የኖራ ድንጋይ ስላለ ነው። እንግዲህ ፋብሪካው ሲሚንቶ የሚያደርገውን እኛ በሻይ እንጠጣዋለን ማለት ነው።

የሳሙናው ነገር ግን ይብሳል። ሳሙና እንዲህ ያለ ውሃ ሲገባ መጀመሪያ የሚገናኘው ከካልሲየሙ ጋር ነው። እርጎ የመሰለ ዝቃጭ ሆኖ ልብሱ ላይ ይቀራል፤ ልብሱን የሚያመድደውና የሚያደርቀው እሱ ነው። ካልሲየሙ ካላለቀ አረፋ የለም። በሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ካርቦኔት የያዘ ውሃ በመጻሕፍቱ «በጣም ጠንካራ» ይባላል። የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች ውሃ የተጠራቀመ ዝናብ በመሆኑ ለስላሳ ነው። እናቴ አልሰሰተችም ኖሯል! ከምትገዛው ሳሙና ትልቁን ድርሻ ውሃው ይበላባት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት የወሰነው ልክ የለም። ስለማይገድል ማንም አይጮኽበትም። በውሃ ሒሳብ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የኪዩብ ዋጋ ነው፤ ሳሙናው፣ ቅርፊቱ የሚያስጨርሰው ከሰል፣ ቶሎ የሚጣለው ማንቆርቆሪያ፣ የሴቶቻችን እጅ አይጻፍም። ያለው የፋብሪካ ውሃ ገዝቶ ይጠጣል፤ የሌለው በሳሙና ይገብራል። እስቲ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ያልተጻፈ ሒሳብ የለምን?

ለእረፍት ስሄድ የተማርሁትን ሁሉ ለእናቴ አብራራሁላት። እሷ ልብስ እየጨመቀች ሰማችኝና፣

«አዎ፣ ውሃው መጀመሪያ እሱ ካልጠገበ ልብስ አያጥብም» አለች።

«ታውቂ ነበር እንዴ እማዬ?»

«ሠላሳ ዓመት ሳጥብ! ለመልቀቂያ ፈተና ለብሰኸው የሄድኸው ሸሚዝ በምን የነጣ መሰለህ? ከቆርቆሮው በወረደ ዝናብ ነው። በበርሜል አኑሬ፣ ለሌላ አልነካም ብዬ።»

ያ ሸሚዝ ትዝ ይለኛል። ለስላሳ ነበር። አዲስ ሳሙና የገዛች መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ያኔ ስጮኽብሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችና የጨመቀችውን አቀበለችኝ። ገመዱ ላይ አሰጣሁት። ማታ ሳነሳው እንደ ድሮው እንደ ካርቶን ቆሞ ነበር።