መነባንብ ለጀማሪ ጸሐፊ

መነባንብ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የልቡን የሚናገርበት የተውኔት ስልት ነው። ተማሪ ሲጽፈው የመጀመሪያው ሥራ ውብ ቃላት መፈለግ አይደለም፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚናገርና ለምን ዛሬ መናገር ግድ እንደሆነበት መወሰን ነው። ይህ ካልተወሰነ መነባንቡ ስብከት ይሆናል፤ በትምህርት ቤት መድረኮች በብዛት የሚታየው ድክመትም ይኸው ነው።

ለምሳሌ ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው እጃጂ ከተማ የሚኖር ተማሪ ገጸ ባሕርይ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ለልጇ ደብተር ልትገዛ በቆሎ ይዛ ገበያ የወጣችና ዋጋው ወድቆ የጠበቃት እናት በቂ ናት። አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ ከሆነ በዚያው ቢጻፍላት ድምጿ የራሷ ይሆናል።

አካባቢው አርአያም አለው። በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የመጀመሪያ ተውኔቱን የጻፈው ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ ነው፤ ኋላም በብቸኛ ንግግሮቹ የታወቀውን «ሐምሌት» የተባለውን ተውኔት ወደ አማርኛ መልሷል። በቅርብ ዓመታትም በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ የተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» የተሰኘው ተውኔት አንድ ተዋናይ ብቻውን አዳራሽ መሙላት እንደሚችል አሳይቷል።

ለክወናው ቃሉን መሸምደድ አይበቃም። ዓይን የሚያርፍበት ቦታና ትንፋሽ የሚወሰድበት ሐረግ አስቀድመው ይለያሉ፤ ዝምታም እንደ ቃል ይጠናል።