የሰው ወርቅ

“የሰው ወርቅ አያደምቅ” የሚለውን ተረት የማያውቅ ወላጅ የለም። የጓደኛውን ጫማ አድርጎ የመጣ ልጅ ሁሉ የሚገሠጽበት ነው፤ እኔም ለልጆቼ ስደጋግመው ኖሬአለሁ። ልጅ ወርቁ የሰው፣ ላቡ ግን የራሱ የሆነ ነገር ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚባል ግን ተረቱ አይነግረንም።

የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ እዚህ አሶሳ፣ አጎቱ በሰጠው አሮጌ ላፕቶፕ የኮምፒውተር ጌም ይሠራል። የሚሠራው ሱፐር ማሪዮን እንደገና ነው። ቀይ ኮፍያ ያደረገው ሪዛም ሰውዬ እየዘለለ ሳንቲም የሚለቅምበት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው ጌም ነው። በልጄ ሥራ ውስጥ ማሪዮ የሚዘለው በማንጎ ዛፎች መካከል ነው፤ በሳንቲም ፈንታም ማንጎ ይለቅማል። የሚሻገርበት ድልድይ ቀርከሃ ነው። አንዱን ደረጃ ሲጨርስ ዙምባራ ይነፋለታል።

ሰባት ወር ለፍቶበታል። መብራት ሲጠፋ በደብተር ላይ ይሥላል፣ ሲመጣ ወደ ላፕቶፑ ይገለብጣል። የሰፈሩ ልጆች ወረፋ ይዘው ይጫወቱታል። በክረምቱ ዕረፍት ኢንተርኔት ላይ ለቆ ለዓለም በነፃ ሊሰጠው አሰበ። እኔም እስኪ ሌሎች ይህን ሲያደርጉ ምን ገጠማቸው ብዬ ጠየቅሁ፤ አብረን አነበብን።

እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ ወጣት ያንኑ የመጀመሪያውን ሱፐር ማሪዮ እንደገና ሠርቶ ማንም በነፃ እንዲጫወተው ኢንተርኔት ላይ አውጥቶት ነበር። ኒንቴንዶ አስወረደው። አርጀንቲናዊው ሚልተን ጉዋስቲ ደግሞ ሜትሮይድ 2 የተባለውን የኒንቴንዶ ጌም እንደገና ለመሥራት አሥር ዓመት ገደማ ለፋ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በነፃ ለቀቀው፤ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው አስቆመው። በዓመቱ ኒንቴንዶ ራሱ ያንኑ ጌም እንደገና ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ሁለቱም ወጣቶች ሥራቸውን ሸጠው አልነበረም። “በነፃ ነው የምሰጠው” የሚለው መልስ ልጆቻችንን እንደማያድን ከዚህ ገባኝ።

ባለቤቴ የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ እየሠራ የሚያሳድረን ሰው ነው። ነገሩ አልተዋጠለትም። “አንዱ የሠራውን ወንበር ሌላው አይቶ ይሠራል፤ እኔስ እንዲያ አይደል የተማርኩት?” አለኝ። እውነቱን ነው። ገበጣም ቢሆን ባለቤት የለውም፤ ማንም ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር ለቅሞ ይጫወታል።

ማሪዮ ግን እንደ ገበጣ አይደለም። የእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ ይጠብቃል። ሥራን መለወጥና ማዛመድም የባለቤቱ መብት ነው ይላል። ሐሳብንና ዘዴን ግን አይጠብቅም። እየዘለሉ ፍሬ መልቀም ሐሳብ ነው፤ የማንም ነው። ሪዛሙ ሰውዬ፣ መልኩና ዜማው ግን የሠሪው ናቸው። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ጥቂት አሰበና፣ “ታዲያ ማንጎው የልጁ ነው በለኛ” አለ።

ኩባንያዎቹን ሁሉ በክፉ ማየትም አይገባም። አንድ ቀን ራሳቸው አድሰው የሚሸጡትን ሥራ ሌላ ሰው በነፃ ሲያድለው ዝም ማለት ይከብዳቸዋል። በሌላ በኩል ሴጋ የተባለው ኩባንያ የሶኒክን ጌሞች በፍቅር እንደገና ይሠራ የነበረውን አውስትራሊያዊ ክርስቲያን ዋይትሄድን ጠርቶ አሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሶኒክ ማኒያ የዚያ ውጤት ነው። ጉዋስቲም ቢሆን ጌሙ ቢታገድበትም ሙያውን የቀማው አልነበረም፤ በኋላ ሌላ የጌም ኩባንያ ቀጠረው። ቢሆንም በእንዲህ ያለ ዕድል ተማምኖ ልጅን ዓመታት ማስለፋት አልፈለግሁም።

ልጄን አስቀምጬ ያነበብነውን መልሰን አነሣነው። ማሪዮንና ዜማውን አውጣ፣ ሌላውን ሁሉ ተው አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። “እማዬ፣ ማሪዮ ከሌለበት ማን ያወርደዋል?” አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ያ ስም የዓለምን በር ይከፍትለታል፤ የአሶሳን ልጅ ስም ማን ያውቀዋል?

“የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ ምን እያሉ ነው የሚጮኹት?” ብዬ ጠየቅሁት። “‘ማንጎው! ማንጎው እንዳያመልጥህ!’ ነው የሚሉት። አንድም ቀን ‘ማሪዮ’ ሲሉ አልሰማሁም።” ዝም አለ። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች እየሮጠች በምታመልጥ ዶሮ ኩኩሉ የተባለ ጌም ሠርተው እንዳወጡ ያውቃል። የእነሱ ዶሮ የማንም ቅጂ አይደለችም።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ልጅ መኮረጅ ሲጀምር “ሌብነት ነው” ብለን አናሸማቅቀው፤ ሙያ የሚለመደው እንዲያ ነው። ነገር ግን ወደ አደባባይ ከመውጣቱ በፊት፣ “ከዚህ ውስጥ የአንተ የትኛው ነው?” ብለን እንጠይቀው። ዓመታት ከለፋ በኋላ ከኩባንያ ጠበቃ ከሚሰማው፣ ገና በሰባተኛው ወር ከእናቱ ቢሰማው ይሻላል።

የድሮውን ሥራ አልደመሰሰውም፤ እንዲደመስሰውም አልጠየቅሁትም። እህቱ እቤት ውስጥ ትጫወትበታለች። ለሚለቀው ግን አዲስ ጀግና እየሣለ ነው። እስካሁን ሦስት ሥሏል፦ አንድ ጦጣ፣ አንድ ዙምባራ ነፊ፣ አንዲት ቀርከሃ የተሸከመች ልጅ። አባቱ ልጅቷን መርጧል፤ እህቱ ጦጣውን። እሱ ገና አልወሰነም።