የአብራሪ ልምድና ቁጥሩ

በኮምፒውተር ከሚካሄዱት የጦር ስልት ጨዋታዎች በአንዳንዶቹ እያንዳንዱ ስኳድሮን ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ አንዱ የአውሮፕላኑ ብዛት፣ ሌላው የአብራሪዎቹ ልምድ ነው። አውሮፕላን በፋብሪካ ይተካል፤ ልምድ ግን ነባሩ ወድቆ ጀማሪው በገባ ቁጥር ይወርዳል። በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተረተር ግርጌ በምንኖርበት ቤት የእኅቴ ልጅ ሲጫወት ምርጦቹን ከግንባር አያነሣም። እኔ ግማሾቹን ወደ ማሠልጠኛ ስመልስ «ፈሪ» ይለኛል። ጃፓን የተከተለችው የእርሱን መንገድ ነበር፤ ነባር አብራሪዎቿን እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 በሰለሞን ደሴቶች ሰማይ ጨረሰቻቸው። አሜሪካ ግን የተፈተኑትን ለመምህርነት ትመልስ ነበር።

የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን ሲወር አየር ኃይላችን የነበሩት ኤፍ 5 ኢ አውሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ፤ ወራሪው ሚግ 21 እና ሚግ 17 አሰልፏል። የሰማዩን የበላይነት የወሰነው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከስዊድናውያን መምህራን ዘመን አንሥቶ በደብረ ዘይት ለ30 ዓመታት ያህል የተከማቸው ሥልጠና ነው። (አውሮፕላኑም መልካም ነበር፤ ይህ አይካድም።)

ጨዋታው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ምርኮ ነው። አውሮፕላኑ ከወደቀ አብራሪው ከሰንጠረዡ ይፋቃል፤ በቦታውም ጀማሪ ይገባል። ሚጎችን የጣሉት ለገሠ ተፈራ ግን አውሮፕላናቸው ተመትቶ ከተማረኩ በኋላ 11 ዓመታት በሶማሊያ እስር ቤት ቆዩ። በ1980 ዓ.ም. ለአገራቸው ሲበቁ ጦርነቱ ካበቃ 10 ዓመት ሆኖት ነበር።