ጋሼን «አንተ» ያልኩበት ምሽት

መስከረም 1998 ነበር። ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ ተሰብስበን የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት ፓርላማ ይግባ አይግባ እንከራከራለን። በግንቦት 7ቱ ምርጫ የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች ጠራርጎ ወስዷል። እኔ «ድምፃችን ተሰርቆ የምን ፓርላማ!» ባይ ነበርኩ። አሜሪካ ስገባ ሳሎናቸው ውስጥ አራት ወር ያስተኙኝ ጋሼ ተነሡና «ያገኙትን ይዘው ይግቡ፤ የቀረውን እዚያው ሆነው ይጠይቁ» አሉ።

«አንተ መሀል ሰፋሪ!» አልኳቸው። እርስዎ ብዬ እንጂ ጠርቻቸው የማላውቀውን ሰው። ቤቱ አጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ደስ አለኝ፤ የምናዘዘው ይህንን ነው።

በወሩ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ከምርጫው በኋላ በሰኔውና በጥቅምቱ ግጭት የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች ኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ብሎ ቆጠረ። ጥይቱን የተኮስኩት እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ምንም ሳይነካኝ፣ ለድርድር የሚቀመጡ ሰዎችን አንገት ካስደፉት አንዱ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ኦክላንድ ከንቲባዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በደረጃ ስትመርጥ ወረቀቱ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ምርጫዬን ጠየቀኝ። አንደኛውን ብቻ ሞልቼ ወጣሁ። ሌላ መጨመር ክህደት መሰለኝ። በአንደኛ ምርጫ ዶን ፔራታ መሩ፤ የወደቁት እጩዎች ደጋፊዎች ቀጣይ ድምፅ ሲደመር ግን ጂን ኳን አሸነፉ። ኳን የመሀል ፖለቲከኛ አልነበሩም። የተፎካካሪዎቻቸውን ደጋፊዎች ግን «ሁለተኛ አድርጉኝ» ብለው ለምነዋል። ነገ የምትለምነውን ሰው ዛሬ ባንዳ ልትለው አትደፍርም።

በእኛ በኢትዮጵያ ሕግ በአንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ይወስዳል፤ የሌላውን ደጋፊ መለመን የሚያስፈልገው የለም። መሀል ላይ የቆመ ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ይወርድበታል። ከቅንጅት መሪዎች አንዱ የነበሩት ልደቱ አያሌው ፓርላማ ሲገቡ ከሃዲ ተባሉ፤ ካሉት መካከል ነበርኩ። ሕጉን ከስሼ ራሴን ማዳን አልችልም። ያቺን ሁለተኛ ቦታ ባዶ የተውኳት እኔ ነኝ።

አምና ሳን ሆዜ ለቅሶ ቤት ጋሼን አገኘኋቸው። ተነሥቼ ወንበር ለቀቅኩላቸው። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉኝ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ እምቢ አለኝ። ሻይ ቀዳሁላቸው።