የጠፉት አራት ኮለኖች

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጀበል አል-ሁሴን ውስጥ ባለች አንዲት ኮፒ ቤት፣ ቤቴ ነጥብ ሆኖ ታተመ። እውነቴን ነው እህቶቼ! ትልቅ ወረቀት፣ መሀሉ ላይ በእርሳስ ጫፍ የተነካ የሚመስል ነጥብ። ስድስት ዓመት የሰው ቤት ጠርጌ ደብረ ብርሃን ላይ የማሠራው ቤት ያ ነው።

ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ከመሰደዴ በፊት ቴክኒክና ሙያ ድራፍቲንግ ተምሬ ስለነበር ነገሩ ገባኝ። የእኛ ኢንጂነር የሚሠራው በአርኪካድ ነው፤ ኮፒ ቤቱ ያለው አውቶካድ። የአርኪካድን ፋይል አውቶካድ አይከፍተውም፣ ስለዚህ ኢንጂነሩ ወደ ዲደብሊውጂ ቀይሮ ላከው። ሲቀይረው 1 ቁጥር ማለት 1 ሜትር ነበር። እዚህ ያለው ኮምፒውተር 1ን ሚሊሜትር ብሎ ያዘው። 12 ሜትር ቤት 12 ሚሊሜትር ሆነ፣ በ1፡100 ሲታተም ደግሞ ምን ይቀረዋል? በ1000 አባዙት አልኩት፤ ቤቴ ተመለሰ።

የክፍሎቹ ስም ግን አልተመለሰም። «ሳሎን» የሚለው ቦታ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደባልቆበታል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፣ አሁንም የሚጠቀምባቸው አለ። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ይበላሻል። የመጀመሪያ ዓመት እኔና ማዳም እንደተግባባነው ማለት ነው።

ያልገባኝ ኮለኖቹ ናቸው። ቆጠርኩ፣ 12። ወንድሜ የፌሮ ገንዘብ የጠየቀኝ ለ16 ነው።

ደወልኩለት። ያልኩትን አልጽፈውም። «እታለም፣ እኔን ነው?» ብሎ ዘጋው።

ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን ኢንጂነሩን ራሱን ፒዲኤፍ ላክልኝ አልኩት። ፒዲኤፍ እንደ ፎቶ ነው፣ መስመሩን ማስተካከል ያስቸግራል፣ ግን እሱ ያየውን አንቺም ታያለሽ። ከጓሮ በኩል ሰርቪስ ቤቱ፣ ከነአራት ኮለኑ፣ ቁጭ ብሏል። ሰርቪሱ የተሳለው ለብቻው በሌላ ሌየር ላይ ነበር፤ ዲደብሊውጂውን ሲያወጣ ያ ሌየር ተደብቆ ስለነበር አብሮ አልመጣም። «ሰርቪስ በሌላ ገጽ» የሚል ማስታወሻም ነበረው፤ ያም ከተበላሸው ጽሑፍ አንዱ ነው።

ከአገር ፕላን የምታስልኩ፣ ዲደብሊውጂውን ብቻ አትቀበሉ። ፒዲኤፉም አብሮ ይምጣ፣ መለኪያው በሜትር ይሁን በሚሊሜትር ይጻፍበት፣ ሁሉም ሌየር ተከፍቶ ይውጣ። አዲስ አውቶካድ የሠራውን አሮጌው ስለማይከፍት በቆየ ቨርዥን ሴቭ ያድርጉላችሁ። አይኤፍሲ የሚባልም አለ፤ ግድግዳውን መስመር ብቻ ሳይሆን ግድግዳ መሆኑን ጭምር ይዞ ይሄዳል፤ ኮፒ ቤት ግን አይጠቅማችሁም።

ወንድሜ ስልኩን ያነሳው በአራተኛው ጥሪ ነው። ይቅርታዬን አላስጨረሰኝም።

«አሁን ስንት ቆጠርሽ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ፌሮውን ልግዛ?»

«ግዛ» አልኩት።